ከእጅ የምትበላ ላም

ፍየል ያገደ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አልቀረም። ፍየል በአንድ ቁጥቋጦ ሥር ቆማ ጥርግ አድርጋ አትበላም። ከዚህ ቅጠል ትቀነጥባለች፤ ከዚያ ቀንበጥ ትቀጥፋለች፤ ዘወር ብላ ደግሞ አጥር ላይ የተጠመጠመውን ሐረግ ትቀምሳለች። እረኛው «ይህች ፍየል አታርፍም» ብሎ ያማርርባታል እንጂ፣ እርስዋስ ሥራዋን እየሠራች ነው። ለሰውነቷ የሚያስፈልገውን ከብዙ ዓይነት ዕፅ እየለቀመች ነው። ከአንዱ ያጣችውን ከሌላው ታገኛለች።

ገመድ በአንገቷ የገባ ዕለት ግን ነገሩ ይለወጣል። የታሰረ እንስሳ የሚበላው የሚያስፈልገውን ሳይሆን የቀረበለትን ነው። ምርጫው ከእንስሳው አፍ ወደ ባለቤቱ እጅ ይዛወራል። ስለዚህ እንስሳን ያሰረ ወይም በቤት የዘጋ ሰው፣ ያስበውም አያስበውም፣ አንድ ኃላፊነት ተቀብሏል። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣውም ይህንኑ ነው፤ ከእጃችን ለሚበላ እንስሳ ምን እንስጠው? ሆዱን መሙላትስ ይበቃዋልን?

ይህን ጉዳይ እንዳስብበት ያደረገኝ አንድ ተማሪ በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። «መምህር፣ አንድ አዲስ ነገር በሰው ላይ ሲሞከር እንግሊዞች ሰውየውን ‹ጊኒ ፒግ› ይሉታል። ለመሆኑ ይህ እንስሳ ምን ዓይነት ነው? ምንስ አድርጎ ነው ስሙ ለዚህ የበቃው?» አለኝ። ጥያቄው መልካም ስለ ነበረ የዚያን ቀን የመለስኩለትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ስሙን ሰምቶ አሳማ የሚመስለው ሰው ቢኖር ነገሩ እንዲያ አይደለም። ጊኒ ፒግ ጅራት የሌለው፣ ከአይጥ የሚበልጥ፣ ከጥንቸል የሚያንስ፣ ጠጉራም የቤት እንስሳ ነው። ከጊኒም አልመጣም። አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአንዲስ ተራራ ነው። የዚያ አገር ሕዝብ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት አላምዶ ለሥጋው ያረባው ነበር፤ ዛሬም በፔሩና በቦሊቪያ ይረባል። በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ አውሮፓ ተወሰደና የልጆች መጫወቻ፣ ኋላም የተመራማሪዎች መሞከሪያ ሆነ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1907 አክሰል ሆልስትና ቴዎዶር ፍሮሊክ የተባሉ ሁለት የኖርዌይ ሊቃውንት መርከበኞችን የሚያጠቃ አንድ በሽታ ይመረምሩ ነበር። ለዚህም ብለው ጊኒ ፒጎችን በእህልና በዳቦ ብቻ መመገብ ጀመሩ። እንስሳቱ አልተራቡም፤ ከፊታቸው እህል አልጠፋም። ይሁን እንጂ ጥቂት ሳምንታት ሳያልፉ ድዳቸው ደማ፣ አጥንታቸው ደከመ፣ መገጣጠሚያቸው አበጠ፣ በመጨረሻም ይሞቱ ጀመር። ሊቃውንቱ ትኩስ ጎመን ወይም የሎሚ ጭማቂ ሲጨምሩላቸው ግን በሽታው ጠፋ። ይህ በሽታ ስከርቪ ነው። በረዥም ጉዞ ላይ ደረቅ ብስኩትና የጨው ሥጋ ብቻ ሲበሉ የኖሩ ብዙ ሺህ መርከበኞችን የፈጀውም እርሱ ነበር።

ምክንያቱ የታወቀው ቆየት ብሎ ነው። አብዛኞቹ እንስሳት ቪታሚን ሲ የሚባለውን ነገር በገዛ ሰውነታቸው ይሠራሉ። ላም ትሠራዋለች፤ ውሻ ይሠራዋል፤ አይጥም ይሠራዋል። ጊኒ ፒግና ሰው ግን ይህን ችሎታ ስለሌላቸው ከምግብ ማግኘት አለባቸው። ሁለቱ የኖርዌይ ሰዎች ሙከራቸውን በአይጥ ላይ አድርገውት ቢሆን ኖሮ ምንም ባላዩ ነበር። በ1930ዎቹ ሃንጋሪያዊው አልበርት ሴንት ጆርጂ ቪታሚኑን ለይቶ በማውጣቱና በተያያዙ ሥራዎቹ በ1937 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ስለዚህ ዛሬ ጊኒ ፒግ በቤቱ የሚያሳድግ ጠንቃቃ ሰው የሚያደርገው ይህን ነው። ድርቆሽ ከፊቱ እንዲጠፋ አያደርግም። ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድግ ሣሩን ሲያኝክ ካልተሞረደ አፉን እስከ መዝጋት ይደርሳልና። በየቀኑ ትኩስ ቅጠል ይሰጠዋል፤ ቪታሚኑ በተከማቸ መኖ ውስጥ ከቀን ወደ ቀን እየጠፋ ይሄዳልና። ካሮትና ፍራፍሬ ስኳር ስላለባቸው በጥቂቱ ብቻ ያቀምሰዋል። አልፋልፋ የሚባለውንም ሣር ለሚያድገው ግልገል እንጂ ላደገው አያዘወትርለትም፤ በውስጡ ያለው ብዙ ካልሲየም በፊኛው ውስጥ ጠጠር ሊሆን ይችላልና። ለአንድ ዕድሜ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ዕዳ ይሆናል ማለት ነው።

ጉዳዩ የጊኒ ፒግ ብቻ እንዳይመስለን። በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ ሱዳንና ወደ ሶማሊያ የተሰደዱ ወገኖቻችን በመጠለያ ሰፈሮች ውስጥ የሚሰፈርላቸው ራሽን ከእህልና ከዘይት እምብዛም አልወጣም ነበር። እዚያም ስከርቪ ተነሣ፤ ሐኪሞችም መዝግበውታል። እህሉ ነበረ፤ ቅጠሉ ግን አልነበረም። እነዚያ ሰዎች በአገራቸው ሳሉ ጎመኑን ከጓሮ፣ ቃሪያውን ከገበያ፣ ወተቱን ከጎረቤት ያገኙ ነበር። ተሰድደው ከሌላ እጅ መብላት ሲጀምሩ ግን የሰፈረው ሰው የረሳውን እነርሱም አጡ።

አሁን «መምህሩ የፔሩን እንስሳ ለጉብሬ ሰው ምን ያደርግለታል ብሎ ነው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በጉብሬ ጊኒ ፒግ የሚያሳድግ ሰው አላየሁም። ነገር ግን በዚያው ሁኔታ ላይ ያለ፣ ማለት ታስሮ ከሰው እጅ የሚበላ እንስሳ፣ በየጎጆው አለ። እርስዋም ላሚቱ ናት።

ጉብሬን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በእርስዋ ነው። ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ሲሉ የጉራጌ መንደር ይጀምራል። ቤቶቹ ፊት ለፊት ተሰልፈው፣ በመካከላቸው ጀፎረ የሚባለው ሰፊ የሣር ሜዳ ተዘርግቶ ይታያል። ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ ቆሟል። ወደ ጎጆው ሲገቡ በአንደኛው ወገን ሰው፣ በሌላው ወገን ከብት ያድራል። ላሚቱ ከቤተ ሰቡ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ስለምትኖር ስም አላት፤ ጠባይዋ ይታወቃል፤ ስታምም ቤቱ ሁሉ ያዝናል።

አሜሪካዊው ምሁር ዊሊያም ሻክ በ1966 ስለ ጉራጌ በእንግሊዝኛ ባሳተመው መጽሐፍ አርእስት ላይ ሕዝቡን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ ሰይሞታል። ስያሜው ትክክል ነው፤ ግን እንሰቱ ያለ ላሟ አይቆምም። ፋንዲያዋ ባይኖር የእንሰቱ መሬት በጥቂት ዓመታት ይደክማል። ቅጠሉ ባይኖር ደግሞ ላሚቱ የበጋውን ወራት አትዘልቅም። እንግዲህ ላሚቱ እንሰቱን ትበላለች፣ እንሰቱም በተራው ላሚቱን ይበላል ማለት ይቻላል።

ጥንት ጀፎረው ሰፊ፣ ግጦሹም ብዙ ስለ ነበረ ላሚቱ ቀን ወጥታ የጎደላትን ትለቅም ነበር። ዛሬ ሰው በዝቷል፤ መሬቱ በወንድማማች መካከል ተከፋፍሏል። ላሚቱ አብዛኛውን ቀን ታስራ ትውላለች። የምትበላውም እናት ወይም ልጅ ቆርጦ የሚያመጣላትን ብቻ ነው። የነፃይቱ ፍየል ጥበብ ለእርስዋ አልተፈቀደም።

ላም ከጊኒ ፒግ በብዙ ነገር ትለያለች። ጨጓራዋ አራት ክፍል አለው። በትልቁ ክፍል ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ሕያዋን ይኖራሉ። ሰው ሊፈጨው የማይችለውን ጭድና ሣር የሚያፈርሱላት እነርሱ ናቸው። ላሚቱ ተኝታ ስታመሰኳ የምታደርገው የእነርሱን ሥራ ማገዝ ነው። አብዛኞቹን የቢ ቪታሚኖችም እነርሱ ይሠሩላታል። ስለዚህ ላምን የሚመግብ ሰው፣ እንደ እውነቱ ከሆነ፣ አስቀድሞ የሚመግበው እነዚህን የማይታዩ ሠራተኞች ነው። እነርሱ ከተራቡ ላሚቱ ሆዷ ሞልቶ ትራባለች።

እነዚህ ሠራተኞች ደግሞ ገንቢ ምግብ፣ ማለት ፕሮቲን፣ ይፈልጋሉ። ከመኖው ደረቅ ክፍል ውስጥ ከመቶ 7 እጅ ያህል ፕሮቲን ካላገኙ ሥራቸው ይደክማል፤ ጭዱም ሳይፈርስ በሆዷ ውስጥ ይከርማል። የምትታለብ ላም ከዚያ በላይ፣ ከመቶ 12 እጅና ከዚያም አልፎ ያስፈልጋታል። እንግዲህ በየቤታችን ያለውን መኖ በዚህ መለኪያ እንየው።

የስንዴ ወይም የገብስ ጭድ ከመቶ 4 እጅ ያህል ብቻ ፕሮቲን አለው። የእንሰት ግንድ እንዲሁ በፕሮቲን ድሃ ነው፤ በዚያ ላይ ከአሥሩ እጅ ዘጠኙ ውሃ ነው። የእንሰት ቅጠል ግን ከደረቅ ክፍሉ ከመቶ 13 እጅ ያህል ፕሮቲን አለው። ፉርሽካ 15 ገደማ፣ የኑግ ፋጉሎ ደግሞ 30 ገደማ ይደርሳል። ከአንድ እንሰት የተቆረጠ ቅጠልና ግንድ ለዓይን አንድ ዘር ቢመስሉም፣ ለላሚቱ የዳቦና የውሃ ያህል ይለያያሉ።

ተማሪዎች እርሳሳችሁን አንሡ። 250 ኪሎ የምትመዝን የአገራችን ላም በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ያስፈልጋታል። 4 ኪሎ ጭድ ብንሰጣት 160 ግራም ፕሮቲን ታገኛለች። 2 ኪሎ ደረቅ የሚወጣው የእንሰት ቅጠል ብንጨምርላት 260 ግራም ይሆናል። ድምሩ 420 ግራም ነው፤ ለ6 ኪሎ ሲካፈል ልክ ከመቶ 7 እጅ ይመጣል። ያለ ብዙ ወተት ራሷን ችላ ትቆማለች ማለት ነው። አሁን ከጭዱ 1 ኪሎ ቀንሰን በምትኩ 1 ኪሎ ፋጉሎ እናግባ። ፕሮቲኑ 680 ግራም ይሆናል፤ ከመቶ 11 እጅ አለፈ። በግርግሙ ውስጥ ያለው ክምር በዓይን ሲታይ አልጨመረም፤ እንዲያውም ያነሰ ይመስላል። የላሚቱ ወተት ግን ልዩነቱን ይናገራል።

በግንድ ብቻ ብንሞክረውስ? 6 ኪሎ ደረቅ መኖ ለማግኘት ከ60 ኪሎ በላይ እርጥብ ግንድ ማቅረብ ይኖርብናል። የትኛዋ እናት ናት ይህን በየቀኑ ከትፋ የምታቀርበው? የትኛዋስ ላም ናት የምትጨርሰው? ሆዷ በውሃ ይነፋል እንጂ አትመገብም።

ይህ ሒሳብ የወረቀት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በጎረቤቴ የደረሰውን ልንገራችሁ። አንድ በከተማ የመንግሥት ሥራ የያዘ ወጣት ከደመወዙ እየቆጠበ ለእናቱ የሆልስታይን ደም ያለባት ዲቃላ ላም ገዛ። መልካም ልጅ ነው። ሻጩ «በቀን አሥር ሊትር ትታለባለች» ብሎታል። ላሚቱ መንደር ስትገባ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ መረቀ። ከሁለት ወር በኋላ እናትየው በደጃቸው ሳልፍ ጠሩኝ።

«መምህር፣ ና እስቲ ልጄ፣ ይህችን ላም እያት» አሉኝ። «ሆዷ ሞልቶ ታድራለች። የምነፍጋት ነገር የለም። ወተቷ ግን ከሦስት ሊትር አልወጣ አለ። ጥጃዋም እንደ ዛፍ ቅጠል ይንቀጠቀጣል። ዓይን በልቷት ይሆን?»

«እማማ፣ ዓይን ስለ መሆኑ እኔ አልፈርድም» አልኳቸው። «ትናንት ከጧት እስከ ማታ የበላችውን አንድ በአንድ ይንገሩኝ።»

ነገሩኝ። ጧት የእንሰት ግንድ ተከትፎ፤ ቀን ጭድ፤ ማታ ጭድና ጥቂት ግንድ። ቅጠሉን ለገበያ ቆጮ መጠቅለያና ለቤት ሥራ ስለሚፈልጉት ለላሚቱ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ውሃ ሩቅ ስለሆነ በቀን አንድ ጊዜ ትጠጣለች። ፋጉሎ ጠይቄ ነበር፤ «እርሱ በገንዘብ ነው ልጄ» አሉኝ።

አንባቢ እንደሚገምተው ዓይን አልበላትም። ዲቃላዪቱ 400 ኪሎ ያህል ትመዝናለች፤ የምትፈልገው ደረቅ መኖ በቀን ከ10 ኪሎ ያላነሰ ነው። የቀረበላት ግን ለአገር ላም የሚበቃ፣ ያውም የደከመው ዓይነት ነበር። ወተት ከመቶ 87 እጅ ውሃ ነው፤ ውሃ ያልጠጣች ላም ከየት አምጥታ ትስጥ? የምትታለብ ላም በቀን 40 ሊትርና ከዚያም በላይ ውሃ ትፈልጋለች። ልጃቸው የላሚቱን ዋጋ እስከ መጨረሻዪቱ ብር ከፍሏል። የመኖዋ ሒሳብ ግን በማንም ደብተር ላይ አልተጻፈም ነበር።

ለልጁ በስልክ ነገሩን አስረዳሁት። ሰው አስተዋይ ከሆነ ብዙ መናገር አያስፈልገውም። ለእናቱ ከሚልከው ላይ የፋጉሎና የፉርሽካ ለብቻው ይለይ ጀመር። ታናሽ እኅቱ ውሃውን በሦስት ጊዜ ታቀርባለች። ቅጠሉ ለላሚቱም ድርሻ ተቆረጠለት። በአጥሩ ዙሪያ የዝሆን ሣርና ትሪ ሉሰርን ተተከለ። ከሁለት ወር በኋላ ወተቱ ስድስት ሊትር ደረሰ። ሻጩ ያለው አሥር ሊትር እስካሁን አልመጣም፤ ጥጃው ግን በሁለት እግሩ ይፈነጥዛል። እናትየውም የሚሉት «ላሚቱን ልጄ ሰጠኝ፤ ወተቷን ግን ቅጠሉና ውሃው ሰጡኝ» ነው።

ከዚህ በመነሣት ላም፣ በግም ሆነ ጥንቸል፣ አስሮ ለሚመግብ ሰው ሊጠቅሙ የሚችሉ ጥቂት ነገሮችን ልዘርዝር።

መጀመሪያ ውሃ ነው። ንጹሕ ውሃ ያላገኘ እንስሳ የቀረበለትን መኖ እንኳ በደንብ አይበላም።

ሁለተኛ፣ ድርቆሽ፣ ሣር ወይም ጭድ የመኖው መሠረት ይሁን እንጂ ብቻውን አይቅረብ። በየቀኑ አንድ አረንጓዴ ነገር ይጨመርበት። አረንጓዴ ቅጠል ሰውነት ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠውን ነገር ይዟል። በረዥም በጋ ጭድ ብቻ የበላች ላም የምትወልደው ጥጃ ዓይኑ ሊደክም፣ ማታም ላያይ ይችላል። የእንሰት ቅጠል ትልቁ በረከት ሣር ሁሉ በደረቀበት በየካቲትና በመጋቢት እንኳ አረንጓዴ ሆኖ መቆሙ ነው።

ሦስተኛ፣ ጨው። ዕፅዋት በጠቅላላው ሶዲየም ስለሚያንሳቸው ከብት ጨው መናፈቁ ያለ ምክንያት አይደለም። አባቶቻችን አሞሌውን ለከብት ማላሳቸው፣ ቦሌ ወዳለበት ስፍራም መንዳታቸው ልማድ ብቻ ሳይሆን ዕውቀት ነበር።

አራተኛ፣ መኖ በድንገት አይለወጥ። ጭድ ለምዳ የኖረች ላም አንድ ቀን እህል ወይም አተላ በብዛት ቢሰጣት በሆዷ ያሉት ሠራተኞች ይታወካሉ፤ ጨጓራዋ ኮምጥጦ ልትሞት ትችላለች። ጤዛ ያረፈበት እርጥብ የአልፋልፋ ሣርም በባዶ ሆድ ሲበላ ሆድ ይነፋል። አዲሱ ነገር በጥቂት በጥቂቱ ሁለት ሳምንት ያህል እየተለማመደ ይግባ።

አምስተኛ፣ የሻገተ መኖ አይሰጥ። «ለሰው አይሆንም፣ ለከብት ይሁን» የሚለው አነጋገር ጎጂ ነው። በሻጋታ ውስጥ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ከላሚቱ ሆድ ወደ ወተቷ ያልፋል። በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በወጣ አንድ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያው ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች በሁሉም ውስጥ የዚህ መርዝ ምልክት ተገኝቷል፤ ከምንጮቹም አንዱ የኑግ ፋጉሎ መሆኑ ታይቷል። ስለዚህ ፋጉሎ ስንገዛ ደረቅ መሆኑን እንይ፤ ስናስቀምጠውም ከመሬት ከፍ አድርገን፣ ዝናብ በማያገኘው ስፍራ ይሁን። ለላሚቱ የሰጠነውን ክፉ ነገር ልጃችን በብርጭቆ ይቀበለዋል።

ስድስተኛ፣ የታመመ እንሰት። የእንሰት አጠውልግ በሽታን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1968 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሳይንስ መጽሔት ላይ ገልጸውታል። በሽታው ከተክል ወደ ተክል በተበከለ ቢላዋ ይተላለፋል። ስለዚህ ለላሚቱ ቅጠል ስንቆርጥ ከታመመው ወደ ጤነኛው በአንድ ቢላዋ አንለፍ፤ ቢላዋውን በእሳት እናሳየው። የታመመውን ተክል ለላም ቆርጦ በጓሮው ውስጥ እያንጠባጠቡ መውሰድም አይገባም። ላሚቱን እናጠግባለን ስንል የቤቱን ጎተራ እንዳናጠፋ።

ከዚህ ሁሉ ማንኛውም ነገር ለእናቶቻችን ፍጹም እንግዳ አይደለም። ቆጮ ኃይል ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ታዲያ የጉራጌ እናት ቆጮን ለብቻው መቼ ታቀርባለች? አይቡን ከጎኑ፣ ጎመኑን ከላዩ ታደርጋለች፤ ቢገኝም ክትፎ ትጨምራለች። አይቡ ገንቢውን፣ ጎመኑ በሽታ ተከላካዩን ይሞላል። እኛ ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ ብለን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንጽፈውን እርስዋ በጣባው ላይ ከጻፈችው ብዙ ዘመን ሆኗል። ይህን ሚዛን የሚያውቅ እጅ ለላሚቱ ሲሆን የሚስተው ባለማወቅ ሳይሆን በማጣት ነው። ቅጠሉ ተሽጧል፤ ግጦሹ ጠብቧል፤ ፋጉሎው በገንዘብ ሆኗል። አዲሲቱ ላም ደግሞ የምትጠይቀው ከአሮጌይቱ የተለየ ነው፤ ይህን የነገራቸው ሰው የለም።

እዚህ ላይ ነው የእኛ የተማርነው ሥራ የሚመጣው። ብዙዎቻችሁ የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ገና በትምህርት ላይ ናችሁ፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ በትንሽ ደመወዝ ሥራ ጀምራችኋል። ለወላጅ ላም መግዛት፣ በግ መላክ፣ ለበዓል ሰንጋ ማስመጣት የሚያስመሰግን ነገር ነው። ነገር ግን ስጦታው በተገዛበት ቀን አያበቃም። ዲቃላ ላም የምትገዙ ከሆነ አስቀድማችሁ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ በቀን ስንት ኪሎ መኖ ትፈልጋለች? ማን ያጭድላታል? ውሃውን ማን ይቀዳል? ፋጉሎው በወር ስንት ብር ይፈጃል? ሒሳቡ ከአቅም በላይ ከሆነ፣ ያለችውን የአገር ላም በደንብ መመገብ ከሁለቱ ይሻላል። የተራበች ዲቃላ የሚጠበቅባትን ወተት አትሰጥም፤ ለእናትም ከወተት ይልቅ ድካም ታተርፍላታለች። ቆርጦ የሚያመጣው፣ ከትፎ የሚያቀርበው፣ ውሃ የሚሸከመው አብዛኛውን ጊዜ የሴቶች ጀርባ መሆኑን ማንም አይስተውም።

በከተማ ክፍል ተከራይታችሁ ጧት ዳቦ በሻይ፣ ቀን ዳቦ በሻይ፣ ማታም እንዲሁ የምትሉ ወጣቶችም ነገሩን ወደ ራሳችሁ ዘወር አድርጉት። እናንተ ገመድ በአንገታችሁ የለም። ከገበያ አንድ እስር ጎመን፣ ሁለት ሎሚና ጥቂት ምስር መግዛት የፍየሊቱን ጥበብ መከተል ነው። 

የመስቀል ወይም የዓረፋ ዕረፍት ሲደርስ አውቶቡሱ ወጣቱን ሁሉ ወደ ትውልድ መንደሩ ያመጣዋል። ቤት ስትገቡ ሰላምታው ይቅደም፤ ቡናውም ይጠጣ። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ጋጡ ጎራ በሉና ግርግሙን ተመልከቱ። ውስጡ ያለው ጭድ ብቻ ነው? አረንጓዴ ነገር አለበት? የውሃ ገንዳው ደርቋል? ለእናታችሁ ያመጣችሁትን ነጠላ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን ጠይቋት። ከዚያም የአንድ ኩንታል ፉርሽካ ዋጋ ትታችሁላት ብትመለሱ፣ ነጠላው ካለቀ በኋላም የሚቆይ ስጦታ ይሆናል።